የአባት ወርክሾፕ የማን ነው?

መልካ ጀብዱ ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብላ የምትገኝ ሞቃት ቦታ ናት። በቀትር ፀሐይ የዋለ ላሜራ በባዶ እጅ አይነካም። ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚያ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች። ከዚያ ወዲህ የባቡሩ ጥገና ወርክሾፕ ለብዙ ሰው የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ሆነ። ቀጥቃጩ፣ በያጁ፣ መካኒኩ አንዱ ከሌላው እያየ፣ ልጅ ከአባቱ እየተማረ፣ ሙያው ወደ ሰፈሩ ሁሉ ተዛመተ። የኢንዱስትሪው ቀጠና ወደ መልካ ጀብዱ ከሄደ በኋላም የብረት በርና መስኮት የሚያሠራ አልጠፋም።

ሙያ ሲወረስ ማንም አይጣላም። አባት ለአንዱ ልጅ ብየዳ ቢያስተምር ለሌላው የሚቀንስበት ነገር የለም። ጠቡ የሚመጣው ሞርሳውን፣ ትራፓኖውን፣ መበየጃ ማሽኑን፣ ቤቱንና ባንክ ያለውን ገንዘብ ለመካፈል የተቀመጡ ዕለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው። ከውርሱ ጋር አብሮ የሚነሣውን የአደራ ነገርም እናያለን፤ ሁለቱ በአንድ ቤት ሲደባለቁ ወንድምና እኅትን ያቆራርጣሉና።

እስቲ አንድ ቤተሰብ እናስብ። ስም አንሰጠውም፤ የማንም ቤተሰብ ሊሆን ይችላል።

አባት በያጅ ናቸው። ከባለቤታቸው ጋር ብዙ ዓመት በትዳር ኖረዋል። ከተጋቡ በኋላ ቤት ሠሩ፤ ከቤቱ ፊት ለፊት በቆርቆሮ ጥላ ሥር ወርክሾፕ ከፈቱ። አራት ልጆች ወለዱ። የመጀመሪያው ወንድ ልጅ ከአሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ ከአባቱ ጋር ብረት ሲቆርጥ አደገ። ሁለተኛው ወንድ ልጅ ሁለት ሕፃናት ትቶ ከአባቱ በፊት ሞተ። ሦስተኛዋ ሴት ናት፤ ዓረብ አገር እየሠራች ለአባቷ ገንዘብ ትልክ ነበር። የመጨረሻዋ ልጅ የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ ናት።

አባት አረፉ። ገና ድንኳኑ ሳይነሣ ነገር ተጀመረ።

ታላቅየው፣ «ሃያ ዓመት ሙሉ እዚህ እሳት ፊት የቆምኩት እኔ ነኝ። ወርክሾፑ የኔ ነው፤ ቤቱን እንካፈል ካላችሁ እሺ» አለ።

ዓረብ አገር ያለችው በስልክ፣ «ወንድም ጋሼ፣ እኔ እኮ ለአባባ የላክሁት ቤት መሥሪያ እንዲሆነኝ አስቀምጥልኝ ብዬ ነው። አደራ ነው! ያን ገንዘብ እንዳትነካካው» አለች።

የሟቹ የሁለተኛው ልጅ ሚስት ልጆቿን ይዛ ብትመጣ፣ «አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ከአያታቸው የሚደርሳቸው የለም» ብለው መለሷት።

እናት ደግሞ ጥግ ይዘው፣ «ልጆቼ፣ እኔስ? ይህን ቤት ስንሠራ ውሃና አሸዋ የተሸከምኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?» ይላሉ። የሚሰማቸው ግን የለም።

ከእነዚህ ሁሉ ንግግሮች ውስጥ ፍጹም ስሕተት የሆነው ለሕፃናቱ እናት የተሰጠው መልስ ነው። ሌሎቹ የእውነት ቁራጭ ይዘዋል። ችግሩ ሁሉም አንድ ክምር እያዩ መነጋገራቸው ነው። «የአባባ ንብረት» ይላሉ። እዚያ ግቢ ውስጥ ያለው ንብረት ግን አንድ ክምር አይደለም። ሕጉ መጀመሪያ የሚለየው ይህን ክምር ነው። ስለዚህ እኛም በዚሁ መንገድ እንሄዳለን።

በመጀመሪያ ከግቢው ውስጥ የአባት ያልሆነውን እናውጣ። ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ የተደገፈ አንድ ትልቅ የብረት በር አለ። ማጠፊያው ተሰብሮ ለጥገና የገባ የሰው በር ነው። ይህ በር በሟች እጅ የተገኘ አደራ እንጂ ውርስ አይደለም፤ ባለቤቱ ሲመጣ ይሰጠዋል። ይህን ማንም አይከራከርም። እንግዲህ ዓረብ አገር ያለችው ልጅ «አስቀምጥልኝ» ብላ የላከችው ገንዘብስ ከዚህ በር በምን ይለያል? በምንም አይለይም። ገንዘቡ በአባት ስም ባንክ ስለተቀመጠ ብቻ የአባት አይሆንም። ልዩነቱ በሩ በዓይን ሲታይ፣ አደራው ግን በማስረጃ ካልሆነ የማይታይ መሆኑ ነው። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለሳለን።

አባት የባቡሩ ጡረተኛ ቢሆኑ ኖሮ፣ በሞታቸው ምክንያት ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው የሚከፈለው የጡረታ አበልም በውርሱ ውስጥ አይገባም ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 828 ይህን ለይቶ አስቀምጦታል። አበሉ ለተወሰነለት ሰው በቀጥታ ይደርሳል፤ ወንድም ከእናቱ አበል ላይ ድርሻ ልጠይቅ ቢል አያገኝም።

ቤቱ የቀበሌ ቤት ከሆነም ነገሩ ሌላ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን የመንግሥት አደረገ፤ ትርፍ ቤቶችንም ወረሰ። በቀበሌ ሥር የገቡት ቤቶች የኪራይ ቤቶች ናቸው። ተከራይ ሲሞት የተከራየው ቤት ለልጆቹ ውርስ ሆኖ አይከፋፈልም። በኪራዩ ለመቀጠል የሚጠየቀው ቤቱን የሚያስተዳድረው ክፍል ነው። «አባቴ አርባ ዓመት ኖሮበታል» የሚለው ክርክር ቤቱን የግል አያደርገውም። የኛ ቤተሰብ ቤት ግን የግል ነው እንበልና እንቀጥል።

አሁን የቀረው ክምር የአባት ነው? ገና ነው። ግማሹ የእናት ነው።

ይህን ነገር ብዙ ሰው ይስተዋል። ድሬዳዋ ለፌዴራሉ መንግሥት ተጠሪ ከተማ ስለሆነች፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213 ይሠራባታል። በዚህ ሕግ ባልና ሚስት በጋብቻቸው ጊዜ ሠርተው ያፈሩት ሁሉ የጋራ ነው። የቤቱ ካርታ በባል ስም ብቻ ቢሆንም፣ የግሉ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ሆኖ ይገመታል። ሚስት ደመወዝ አላመጣችም፣ ብየዳ አልበየደችም ተብሎ ድርሻዋ አይቀነስም። ስለዚህ እናት «እኔስ?» ብለው ሲጠይቁ ለምጽዋት አይደለም የጠየቁት። ግማሹ ድሮም የሳቸው ነው። ከባላቸው የወረሱት ሳይሆን የራሳቸው የሆነ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ኑዛዜ ከሌለ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም፤ ባልም የሚስቱ ወራሽ አይደለም። ልጆች አሉና ልጆች ይወርሳሉ። እናት የጋራውን ግማሽ ካልያዙ ምንም አይዙም ማለት ነው። «እናታችን ለኛ ትተውልናል» እያሉ ግማሹን ሳይለዩ የሚካፈሉ ልጆች እናታቸውን በገዛ ቤታቸው ጥገኛ ያደርጓቸዋል።

ከዚያ ዕዳ ይመጣል። የእጅ ባለሙያ ሰው ዕዳ ሳይኖርበት አይሞትም ማለት ይቻላል። አባት መስኮት ሊሠሩ ቀብድ ተቀብለዋል፤ መስኮቱ አልተሠራም። ከነጋዴ ላሜራ በዱቤ ወስደዋል። ቀብዱ ይመለሳል ወይም መስኮቱ ተሠርቶ ይሰጣል፤ ዱቤውም ይከፈላል። ልጆች ግን አይፍሩ። የሟች ዕዳ የሚከፈለው ከሟች ንብረት ላይ ነው። ወራሽ ከወረሰው በላይ ከገዛ ኪሱ አውጥቶ የአባቱን ዕዳ እንዲከፍል አይገደድም። ለሟች ኑሮ የሚመጥን የቀብር ወጪም ከማንኛውም ዕዳ ቀድሞ ከውርሱ ላይ ይነሣል።

እንግዲህ በቁጥር እንየው። ቤቱ 800,000 ብር፣ የወርክሾፑ ዕቃ 200,000 ብር፣ ባንክ ያለው 170,000 ብር ነው እንበል። ከባንኩ ገንዘብ 70,000 ብሩ የልጅቱ አደራ ነው፤ ይወጣል። የቀረው የባልና ሚስት ሀብት 1,100,000 ብር ነው። ቀብዱና የላሜራው ዱቤ በአንድ ላይ 100,000 ብር ነው። ለቤተሰቡ ኑሮ በሚሠራው ሥራ የመጣ ዕዳ ስለሆነ ከጋራው ላይ ይከፈላል። 1,000,000 ብር ይቀራል። 500,000 ብር የእናት ነው። የአባት ውርስ 500,000 ብር ሆነ ማለት ነው። ከዚህ ላይ ለቀብር የወጣው 20,000 ብር ይነሣል። 480,000 ብር ለአራት ይካፈላል፤ ለእያንዳንዱ 120,000 ብር ይደርሳል።

ለአራት ያልነው አንዱ ሞቶ ሳለ ነው። በአንቀጽ 842 መሠረት ቀድሞ የሞተ ልጅ ልጆች ካሉት በእሱ ቦታ ይገባሉ። ሁለቱ ሕፃናት የአባታቸውን 120,000 ብር እኩል ይካፈላሉ፤ ለእያንዳንዳቸው 60,000 ብር ነው። «አባቱ ቀድሞ የሞተ አይወርስም» የሚባለው ወሬ በዚህ ሕግ መሠረት የለውም። ሴት ከወንድ፣ ታናሽ ከታላቅ አይለይም። በጋብቻ የተወለደና ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅም ልጅነቱ እስከታወቀ ድረስ እኩል ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ሴቶች በውርስ እኩል መብት እንዳላቸው ተናግሯል።

ታዲያ የታላቅየው ሃያ ዓመት የት ገባ? ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ እኛም ልጁን አንወቅሰውም። ከእኩዮቹ ጋር ኳስ ሳይጫወት፣ ዓይኑ በብየዳ ብልጭታ እየተቃጠለ ቤቱን ያቆመ ልጅ ነው። ነገር ግን ድካሙ የወራሽነት ድርሻውን አያሳድገውም። በገዛ ገንዘቡ የገዛው መበየጃ ማሽን ካለና ደረሰኝ ካለው፣ ማሽኑ የራሱ ነው፤ ከውርሱ ይወጣል። አባቴ ደመወዝ ሊከፍለኝ ተዋውሎ አልከፈለኝም ካለም እንደ ላሜራው ነጋዴ የዕዳ ጥያቄ አቅርቦ ማስረዳት ነው። ጠያቂ መሆንና ብልጫ ያለው ወራሽ መሆን ይለያያሉ። አባትና ልጅ አብረው ሲሠሩ የልጁን ድርሻ በሕይወት ሳሉ በጽሑፍ ቢያስቀምጡት ኖሮ ዛሬ ወንድም ከእኅቱ ፊት ባልቆመም ነበር።

ወርክሾፑን የሚሠራበት እሱ ስለሆነ፣ ዕቃውን እሱ ቢወስድና ለሌሎቹ የድርሻቸውን በገንዘብ ቢክስ ለሁሉም ይሻላል። ሞርሳን ለአራት መክፈል አይቻልም። ካልተስማሙ ተሽጦ ገንዘቡ ይከፈላል፤ ያገለገለ መሣሪያ ደግሞ በጥድፊያ ሲሸጥ የሚያወጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቤቱም እንደዚሁ ነው። ማንኛውም ወራሽ ድርሻዬ ይለይልኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል። እናት በሕይወት እያሉ ቤት ማሸጥ ሕግ ቢፈቅደውም ደስ የሚል ነገር አይደለም። ደግሞም በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ነባር ይዞታ በውርስ ሲተላለፍ እንደ ነባርነቱ ይቀጥላል፤ በሽያጭ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ግን ገዢው በሊዝ ሥሪት ይገባል። የገዢው ወጪ ሲጨምር የሚያቀርበው ዋጋ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ከመሸጥ በፊት ይህንንም ማስላት ነው።

የአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ ድርሻስ? ለአካለ መጠን አልደረሰችም፤ አሥራ ስምንት አልሞላትም። አባቷ ስለሞቱ እናቷ አሳዳሪዋም ሞግዚቷም ናቸው። ታላቅ ወንድሟ «እኔ አሳድጋታለሁ» ስላለ ብቻ በድርሻዋ ላይ አዛዥ አይሆንም። የልጅቱ የሆነውን ቤት ወይም የቤት ድርሻ ለመሸጥ እናትም ቢሆኑ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። የሁለቱ ሕፃናት ድርሻ ደግሞ በእናታቸው እጅ ነው የሚተዳደረው።

እስካሁን የተናገርነው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። በድሬዳዋና በአካባቢዋ ብዙ እስላም ወገኖቻችን አሉ። ሟች እስላም ከሆነ የውርሱ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ተጠናክረዋል። በዚያ አከፋፈል ልጆች ያሉት ሰው ሲሞት ሚስት ከስምንት አንድ እጅ ትወርሳለች፤ ወንድ ልጅ የሴቷን እጥፍ ይወስዳል። ዕዳ ቀድሞ መከፈሉና አደራ ለባለቤቱ መመለሱ ግን እዚያም የጸና ነው። ጉዳዩ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚሄደው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 እንዲህ ብሏል፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በ1996 ዓ.ም. በአንድ የውርስ ጉዳይ፣ ያልፈቀደ ሰው በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲዳኝ እንደማይገደድ ወስኗል። ስለዚህ ፈቃድ የተጠየቀ ሰው፣ በተለይም ሴት፣ የፈቀደችውን አውቃ ትፍቀድ፤ ያልፈቀደችውንም በግልጽ ትናገር።

«ታላቅ ነኝና ይገባኛል» የሚለው ነገር የኛ አገር ብቻ እንዳይመስለን። በብሪታንያ ሰሜን ስኮትላንድ የሚባል አገር አለ። በዚያ በግላስጎው ከተማ ቀጥቃጮችና ሌሎች የብረት ሠራተኞች «የመዶሻ ሰዎች» የሚባል ማኅበር አላቸው። ማኅበሩ በ1536 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው። እንዲህ ያሉት የሙያ ማኅበራት የተቸገረ አባልን፣ የሞተ አባልንም ሚስትና ልጆች ይረዱ ነበር፤ የኛን እድር ያስታውሰናል። ያም ሆኖ በዚያ አገር አንድ ቀጥቃጭ ሳይናዘዝ ከሞተ ቤቱና መሬቱ ለታላቁ ወንድ ልጅ ብቻ ነበር የሚሄደው። ታናናሾቹና ሴቶቹ የሚካፈሉት ከተንቀሳቃሹ ንብረት ነበር። ይህ የቀረው በ1964 እ.ኤ.አ. በወጣ የውርስ ሕግ ነው። የኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆችን ሁሉ እኩል ያደረገው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በነሱ አቆጣጠር 1960 ይሆናል። በአራት ዓመት ቀደምናቸው። በወረቀት ላይ ማለታችን ነው። በየግቢው ያለው ነገር ሌላ መሆኑን ከላይ አይተናል።

አሁን ወደ ኑዛዜ እንምጣ። አባት ፈቃዳቸውን ጽፈው ቢሆን ኖሮ ብዙው ነገር ይቀል ነበር። ነገር ግን ኑዛዜ አለ ማለትና የሚጸና ኑዛዜ አለ ማለት አንድ አይደለም። ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። አንደኛው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው። ተናዛዡ ራሱ ወይም እሱ እየተናገረ ሌላ ሰው ይጽፈዋል። ከዚያ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ሁሉም ወዲያውኑ ይፈርማሉ። ቀን ይጻፍበታል። በተጨማሪም ኑዛዜው በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት መነበቡ በራሱ በኑዛዜው ውስጥ መጻፍ አለበት። ይህች አንዲት መስመር ብትቀር ኑዛዜው ፈራሽ ነው። አራት ሰው ሰምቶ፣ ሁሉም ፈርሞ፣ «ተነበበ» የሚል ቃል ስለጠፋ ብቻ የሟች ፈቃድ ከንቱ ይሆናል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። በኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ደግሞ ምስክር ባይሆን ይሻላል።

ሁለተኛው ተናዛዡ ሙሉውን በገዛ እጁ የሚጽፈው ነው። ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት፤ በየገጹ ቀንና ፊርማ ይኖርበታል። በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይሽራል። በዚህ ዓይነት ኑዛዜ ላይ ለኛ ለአንባብያን ልዩ ትርጉም ያለው ድንጋጌ አለ። ሰው የፊደሉን ትርጉም ሳያውቅ ቅርጹን ብቻ እያየ ቢገለብጥ፣ ያ ጽሑፍ ኑዛዜ አይሆንም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ሰው ከጣት አሻራ ወደ ፊርማ አሻግሯል። ስምን መፈረምና የፈረሙትን ማንበብ ግን ሁለት ነገር ናቸው። ሌላ ሰው የጻፈለትን እየገለበጠ ኑዛዜ የሚያዘጋጅ አባት ልጆቹን ለክርክር ነው የሚያዘጋጃቸው። ማንበብ የማይችል ሰው የመጀመሪያውን ዓይነት ይጠቀም፤ ይነበብለትና ይፈርም።

ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው። በሁለት ምስክር ፊት ይነገራል። ስለ ቀብር፣ ስለ ልጆች ሞግዚትና አሳዳሪ፣ እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ስለማይበልጡ ስጦታዎች ብቻ ነው የሚሠራው። ተናዛዡ ካልሞተ በሦስት ወር ውስጥ ይሽራል። እንግዲህ «አባባ በአፋቸው ወርክሾፑን ለኔ ብለውኛል» የሚለው ንግግር እውነት ቢሆን እንኳ ወርክሾፑን አይሰጥም።

አባት አንዱን ልጅ በኑዛዜ ሊነቅል ይችላል፤ ነገር ግን በግልጽ መጻፍና ምክንያቱን መናገር አለበት፤ ምክንያቱም የሚያስነቅል መሆን አለበት። ስሙን ዘሎ ማለፍ ነቀላ አይደለም። የሟችን ኑዛዜ ያጠፋ ወይም የለወጠ ሰው ግን ራሱ ከውርሱ ሊባረር ይችላል። ወረቀትን ሰው ባያጠፋው እንኳ ውሃ ያጠፋዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሲገድል ከሰውና ከቤት ጋር ስንት ሰነድ እንደሄደ ድሬዳዋ ታውቃለች። ኑዛዜም፣ የቤት ካርታም ቅጂው ሌላ ቦታ ይቀመጥ። የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት በድሬዳዋም አለ።

አደራን ኋላ እንመለስበታለን ብለን ነበር። «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» እንላለን። «አደራ በላ» ተብሎ ከመሰደብ የሚከፋ ስድብ አይገኝም። አደራው እንዲህ ከባድ በመሆኑ ወረቀት መጠየቅ እንደ ነውር ይታያል፤ «አባቴን ልጠራጠር?» ትላለች ልጅቱ። አባቷን አትጠራጠር። ነገር ግን አባት ይሞታሉ፤ ቃላቸው አብሯቸው ይቀበራል፤ ከዚያ የምትከራከረው ከአባቷ ጋር ሳይሆን ከወራሾቹ ጋር ነው።

ገንዘቡን በባንክ ልካ ከሆነ የሐዋላው ማስረጃ አለ። ይህ መላኩን ያስረዳል። ለምን እንደላከች ግን አይናገርም። ታላቅ ወንድሟ «ለቤተሰቡ ቀለብ የላከችው ነው» ቢል፣ ሌላው «ስጦታ ነው» ቢል፣ ሦስተኛው «ለአባባ አበደረችው» ቢል ሁሉም ያስኬዳል። ስሙ ሲለወጥ ደግሞ ማስረጃውም ይለወጣል። ለምሳሌ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ ማመን ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር በምስክር አይረጋገጥም። ስለዚህ በላከች ቁጥር «ይህ ገንዘብ ለኔ ቤት መሥሪያ በአደራ የሚቀመጥ ነው» የሚል አጭር ጽሑፍ፣ አባትም «ተቀብያለሁ» ብለው የፈረሙበት፣ ቢኖር ክርክሩ ባልተነሣ ነበር። በሷ ስም ሒሳብ ከፍቶ እዚያ ማስገባት ደግሞ ከሁሉ ይቀላል፤ ገንዘቡ ከላሜራው ገንዘብ ጋር አይቀላቀልም።

አደራ ተቀባይ ገንዘቡን ከራሱ ጋር መቀላቀል፣ ለራሱ ሥራ ማዋል አይገባውም። በአደራ የተሰጠውን ንብረት ለራሱ ያደረገ ሰው በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 675 እምነት በማጉደል ይጠየቃል። ዛሬ ታላቅየው የባንኩን ገንዘብ ይዞ የእኅቱ አደራ በውስጡ እንዳለ እያወቀ ላሜራ ቢገዛበት፣ ነገሩ የወንድምና የእኅት ጭቅጭቅ ብቻ ሆኖ ላይቀር ይችላል።

በመጨረሻ ወዴት ይኬዳል? በ2008 ዓ.ም. የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሥራ ስለጀመረ ሞቱ ይመዘገባል፤ የሞት የምስክር ወረቀት ይወጣል። ከዚያ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይሰጣል። ባንኩም፣ የቤቱ ካርታ ያለበት ክፍልም የሚጠይቁት ይህንን ነው። አንዱ ልጅ ሌሎቹን ደብቆ «ብቸኛ ወራሽ ነኝ» ብሎ ማስረጃ ቢያወጣ፣ የተደበቀው ወራሽ ማስረጃው እንዲሰረዝ ማመልከት ይችላል። ግን አይተኛ። ወራሽ የሆነ ሰው መብቱንና ንብረቱን ሌላ መያዙን ካወቀ ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ ክሱ ሊታገድበት ይችላል። «ወንድሜን አልከስም፤ ራሱ ያስብበት» እያሉ የሚጠብቁ እኅቶች መብታቸው በዚሁ ያልቃል። መጠየቅ መጣላት አይደለም።

ሁሉም ከተስማሙ ሰፊ ክርክር አያስፈልግም። የሰፈር ሽማግሌ ተቀምጦ ቢያስማማቸው ስምምነቱ ይጻፋል፤ ክርክር ተጀምሮ ከሆነም ለፍርድ ቤት ቀርቦ ይመዘገባል። የኛ ቤተሰብ በዚህ ጨረሰ እንበል። ታላቅየው የወርክሾፑን ዕቃ በ200,000 ብር ግምት ወሰደ። 120,000 ብሩ የራሱ ድርሻ ነው፤ 80,000 ብሩን በሁለት ዓመት ለሌሎቹ ሊከፍል ፈረመ። የእኅቱ 70,000 ብር ከባንክ ወጥቶ በስሟ ገባ። እናት ከቤቱ አልወጡም። የሕፃናቱና የተማሪዋ ድርሻ በየእናቶቻቸው ሞግዚትነት ተመዘገበ፤ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ስላሉበት ስምምነቱን ፍርድ ቤቱ እንዲያየው ተደረገ። ወረቀቱ በአምስት ቅጂ ተጻፈ። እናት ማንበብ ስለማይችሉ የአሥራ አራት ዓመቷ ልጃቸው በሁሉም ፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብላ አነበበችላቸው። አንድ ቦታ ላይ አስቁመው «እሱን ድገሚልኝ» አሉ። ደገመችላቸው። ከዚያ በኋላ ነው አሻራቸውን ያደረጉት።